ወደ ላይ ስንት ነው?

ቫልፓራይሶ ውስጥ፣ ከወደቡ በላይ፣
ሁለት ፉርጎ አለ ባንድ ገመድ ጫፍ ላይ፤
አንዱ ሲወጣ ነው ሌላው የሚወርደው፤
ሕፃን አዋቂው ነው ይህን የለመደው።

እኔ ከታች ሆኜ ትኬት እቆርጣለሁ፤
«ወደ ላይ ስንት ነው?» ሲሉኝ እነግራለሁ፤
ዋጋው መስታወቱ ላይ ተጽፎ ሳለ፣
ማንም አያነበው፣ የማይጠይቅ የለ።

ዶሚቲላ ከላይ ሞተሩን ይዛለች፤
ሃያ ሁለት ዓመት ፍሬኑን ረግጣለች፤
ገመዱ ሲያቃስት፣ ሳይላላ ሳይበጠስ፣
በጫማዋ ሶል ነው ሕመሙን የምትዳስስ።
ባለፈው ሰኔ ላይ፣ ዝናብ ሲወርድ ውሎ፣
ፉርጎው መሃል መንገድ ቀረ ተንጠልጥሎ፤
አሥራ አንድ ሰው ነበር፣ አንዲት ነፍሰ ጡር ጭምር፤
በእጇ ጎማ አዙራ፣ የማርሹን ጥርስ ስትቆጥር፣
አወረደቻቸው። በማግስቱ ድርጅቱ
ምስጋና ለጠፈ፤
«ለባልደረቦቻችን» ይላል ወረቀቱ።

ማክሰኞ በጠዋት፣ ተጓዥ ሳይበረክት፣
ደረጃውን ወርዳ ገባች ትኬት ቤት።
«እስቲ ዶን ኤራስሞን፣ አለቃውን ሁን» አለችኝ፤
ራሷ ፊቴ ቆማ እኔን አስቀመጠችኝ።
«ጭማሪ ፈልጌ…» አለችና ተወች፤
«አይ፣ ይኼ የለማኝ ድምፅ ነው» ብላ ሳቀች።
«ሃያ ሁለት ዓመት…» «ይኼማ እርጅና ነው!»
«ቤት ኪራይ ጨመረ…» «የኔ ጣጣ ለሱ ምኑ ነው?»
በመጨረሻ ግን ደብተሯን አወጣች፤
ዘይት ባወየበው ገጽ ጣቷን አሳረፈች፦
የታከመው ማርሽ፣ የተቀየረው ብሎን፣
ከሳንቲያጎ ባለሙያ ሳይጠራ የዳነው ሚሊዮን።
«ይኼን ነው የማሳየው። ልመና አይደለም፤ ሒሳብ ነው።»
ከዚያ ዓይን ዓይኔን አየችና፦ «አንተስ፣ ስንት ልበለው?»

እዚህ ላይ ነው እንግዲህ አፌ የታሰረ፤
ከሷ የሚበልጠው የኔ ደሞዝ ነበረ።
ትኬት ቆራጩ እኔ፣ አራት ዓመት የሠራሁ፣
ባለሞተሯን በሰማንያ ሺህ ፔሶ እበልጣለሁ።
ለምን? ስቀጠር ጠየቅሁ፤ እነሱም እሺ አሉኝ፤
ልጅ አለህ ወይ ብለው ነበር የጠየቁኝ።
እሷም ተጠይቃለች ያንኑ ጥያቄ፤
ለኔ ጭማሪ ሆነ፣ ለሷ ቅናሽ፤
ዝም ያልኩት ሳላውቅ አይደለም፣ አውቄ።

«ሠላሳ ሺህ በይው» አልኳት፣ ምራቄን ውጬ፤
ከገመዱ ጫፍ ላይ የራሴን ፉርጎ መርጬ።
ረዳቱ ሞተሩን ነካ፤ ስትወጣ አየኋት፤
ሌላው ባዶ ወርዶ ደጄ ቆመ በዚያው ሰዓት።

ቀትር ላይ ተመለሰች። ፊቷ ላይ ደስታ የለ።
«እሺ አለኝ» አለች፤ «ገና ሳልጨርስ እሺ አለ።
ደብተሬን አልከፈተም፣ ፊቱ እንኳን አልወዛ፤
ቶሎ እሺ ያለ ሰው በርካሽ ነው የገዛ።»
ከመስታወቱ ማዶ ቆመች እንደ መንገደኛ፤
እኔን ብቻ እያየች ሆነችብኝ ዳኛ።

«ላንተስ» አለች፣ «ወደ ላይ፣ ስንት ነው?»

ከኋላዋ ሰልፍ አለ። አንድ ሽማግሌ ሳንቲም ይቆጥራሉ።
አንዲት ልጅ ዓሣ የያዘ ፌስታል ታንጠለጥላለች፤ ውሃው ጠብ ጠብ ይላል።
የደሞዝ ወረቀቴን ከመሳቢያው አወጣሁ፤
ትኬት በማሾልክበት ቀዳዳ አሾለክሁ።
አነበበች። አጥፋ መለሰችው። ምንም አላለችኝም።
ስድብ እንኳን ብትጨምር በወደድኩ፤
እሷ ግን አልጨመረችልኝም።

ደብተሯን ብብቷ ሥር አድርጋ ወደ ደረጃው ዞረች፤
መቶ ስልሳ ስምንት ነው፤ አንዱን ብላ ጀመረች።
ረዳቱም ምሳ ላይ ነው። ገመዱ ረግቷል፣ ዝም ብለዋል ፉርጎዎቹ፤
«ለምን ቆመ?» እያሉ ይጠይቁኛል ሰልፈኞቹ።
«እሷ እየወጣች ነው» እላለሁ።
ደረጃው ላይ ይቀመጣሉ፣ አንዳንዶቹ።